የአስፕሪን ኢንፍራሬድ ስፔክትረም፦ 3430 ላይ ያለው ሰፊ ባንድ ውሃ ነው ወይስ ያልተለወጠ ሳሊሲሊክ አሲድ?

ሦስተኛ_ዓመት

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ከሳሊሲሊክ አሲድ የተሠራ አስፕሪን ኢንፍራሬድ ስፔክትረም (ናሙናው የትኛውን የኢንፍራሬድ ብርሃን እንደሚመጥ የሚያሳይ ግራፍ) ላይ ሁለት ሦስት ነገር ግራ ስላጋባኝ የምታውቁ እርዱኝ።

አሠራሩ ይህ ነው፦ 2.0 ግራም ሳሊሲሊክ አሲድ፣ 5 ሚሊ ሊትር አሴቲክ አንሃይድራይድ፣ 5 ጠብታ ኮንሰንትሬትድ ሰልፈሪክ አሲድ። ከ50 እስከ 60 ዲግሪ በሞቀ ውሃ ውስጥ 15 ደቂቃ ቆየ፤ 20 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ተጨመረበት፣ በረዶ ላይ ተቀመጠ፣ በቡክነር (በፓምፕ በሚሳብ ማጣሪያ) ተጣራ። ምርቱ 2.1 ግራም፣ አንድ ሌሊት አየር ላይ የደረቀ። ሪክሪስታላይዝ (በሙቅ ፈሳሽ አሟሙቶ ሲቀዘቅዝ እንደገና ክሪስታል በማድረግ ማጽዳት) አልተደረገም። ስፔክትረሙ በፖታሲየም ብሮማይድ ፔሌት (ናሙናው ከጨው ዱቄት ጋር ተፈጭቶ የተጨመቀ ስስ ቅርጽ) ነው፤ ሪዞሉሽን 4፣ 16 ስካን። ፔሌቱ ትንሽ ደመናማ ነበር።

የወጡት ባንዶች፣ ሁሉም በሴ.ሜ⁻¹ (በአንድ ሴንቲ ሜትር ውስጥ ያሉ ሞገዶች ብዛት፣ ዌቭነምበር)፦ 3430 ሰፊ፤ ከ3300 እስከ 2500 የተዘረጋና ጥርስ ጥርስ ያለው ጉብታ፤ 2360 እና 2340 ትንንሽ ጥንድ፤ 1753 እና 1691 ሁለቱም ኃይለኛ፤ 1635 ላይ ትከሻ፤ 1606፣ 1458፣ 1306፣ 1220፣ 1186፣ 917፣ 755።

የላብ መመሪያው «ከ3200 እስከ 3600 ሰፊ ባንድ ካለ ኦ–ኤች አለ» ይላል። እንግዲህ ሪአክሽኑ አላለቀም ማለት ነው? ሌላው፣ ሁለቱም ሲ=ኦ ሆነው ሳለ 1753 እና 1691 ይህን ያህል የተራራቁት ለምንድን ነው? 2360 ላይ ያለውስ? ሰንጠረዡ ሦስትዮሽ ትስስር ነው ይላል፣ አስፕሪን ግን ሦስትዮሽ ትስስር የለውም።

---

አጌት_ሙቀጫ

3430ው ውሃ ነው። የሚያጋልጠው ብቻውን አለመምጣቱ ነው፤ 1635 ላይ ያየኸው ትከሻ ጓደኛው ነው። 3430 የኦ–ኤች መለጠጥ ሲሆን 1635 ደግሞ የውሃ ሞለኪውል ሁለት ክንዶች እንደ መቀስ ሲከፈቱና ሲዘጉ የሚወጣ ነው። ለመቀሱ አንድ ኦክስጅን ላይ ሁለት ሃይድሮጅን ያስፈልጋል። አልኮልም ፌኖልም (ኦ–ኤቹ ቤንዚን ቀለበት ላይ የተሰካ) አንድ ብቻ ስላላቸው ይህ ባንድ የላቸውም።

ሳሊሲሊክ አሲድ ቢሆን ኖሮ ሌላ መልክ ታይ ነበር። የፌኖሉ ኦ–ኤች የሚወጣው 3240 አካባቢ ነው፤ ከውሃው የጠበበ ሆኖ በአሲዱ ሰፊ ጉብታ ላይ እንደ ቀንድ ብቅ ይላል። ካርቦኒሉም (ሲ=ኦው) 1660 አካባቢ ይቀመጣል።

የመመሪያው ዓረፍተ ነገር ስህተት ባይባልም ለዚህ ጥያቄ አይረዳም። ንጹሕ አስፕሪንም እኮ ኦ–ኤች አለው፣ ካርቦክሲሊክ አሲድ ነው! ከ3300 እስከ 2500 የተዘረጋው ጉብታ እሱ ነው። ሁለት ሞለኪውሎች ፊት ለፊት በሃይድሮጅን ትስስር ሲያያዙ ኦ–ኤቹ ይላላል፣ ባንዱም ወርዶ ይሰፋል። 917ም የዚያው ጥንድ ኦ–ኤች ከገጹ ወጥቶ ሲታጠፍ ነው። ስለዚህ «ኦ–ኤች አለ ወይ?» ብለህ አትጠይቅ፤ የትኛው ኦ–ኤች እንደሆነ ጠይቅ።

የ10 ደቂቃ ማረጋገጫ፦ ናሙና የሌለበት ባዶ ፖታሲየም ብሮማይድ በዚያው ሙቀጫ ፈጭተህ፣ በዚያው ግፊት ጨምቀህ አንሳ። 3430 እና 1635 በተመሳሳይ መጠን ከወጡ አስፕሪንህ ከደሙ ንጹሕ ነው።

2360ው የክፍሉ አየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። የዚህ ጋዝ ባንድ መሃሉ 2349 ላይ ሆኖ ግራና ቀኝ ስለሚከፈል ጥንድ ይመስላል፤ 667 ላይም ወንድም አለው። ባክግራውንዱ (ያለ ናሙና የሚነሳው ማነጻጸሪያ) ሲነሳና ናሙናው ሲነሳ በክፍሉ ውስጥ ያለው መጠን ሲለያይ ልዩነቱ ይታያል። የናሙናውን ክፍል ከፍተህ እላዩ ላይ ብትተነፍስ ይበቃዋል። ክዳኑን ዝጋ፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ጠብቅ፣ ባክግራውንዱን እንደገና አንሳ።

---

ክረምት_ጠላቴ

ከላይ የተባለው ልክ ነው። እኔ የምጨምረው ስለ ፔሌቱ ነው፣ ምክንያቱም «ትንሽ ደመናማ ነበር» የምትለዋ ቃል የችግሩ ሥር ናት።

ፖታሲየም ብሮማይድ ጨው ነው። ክረምት ላይ ማድ ቤት ያለ ጨው እንዴት እንደሚረጥብ የምታውቅ ሰው ይህንን ዱቄት ክዳኑ ተከፍቶ አትተወውም። የስፔክትሮስኮፒ ደረጃ ያለውን ዱቄት በሰፊ ሳህን ስስ አድርገህ ዘርግተህ ኦቭን ውስጥ በ110 ዲግሪ ሁለት ሦስት ሰዓት አድርቀው፣ ከዚያ ደሲኬተር (እርጥበት የማያስገባ ማድረቂያ ዕቃ) ውስጥ ይቀዝቅዝ። ትኩሱን አትጠቀም፤ ናሙናህን ያቀልጥብሃል ወይም ያፈርሰዋል። የደሲኬተሩን ሲሊካ ጄልም ተመልከት፣ ቀለሙን ከቀየረ እሱም መድረቅ አለበት።

መጠኑ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ግራም ናሙና ለ200 ሚሊ ግራም ዱቄት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ናሙና በማብዛት ነው። ኃይለኞቹ ባንዶች ታች ዜሮ ላይ ደርሰው ጠፍጣፋ ከሆኑ በዝቷል ማለት ነው፤ ጫፋቸው ስለሚቆረጥ ቦታቸውንም ቁመታቸውንም ማመን አይቻልም። ትልቁ ባንድ ከ5 እስከ 20 ፐርሰንት ትራንስሚታንስ (ናሙናውን አልፎ የሚወጣ ብርሃን) ላይ ቢያርፍ ጥሩ ነው።

አፈጫጨቱ፦ መጀመሪያ ናሙናውን ብቻውን በአጌት ሙቀጫ ፍጨው፤ ሙቀጫው ግድግዳ ላይ ተጣብቆ እስኪያብረቀርቅ ድረስ። ከዚያ ዱቄቱን ጨምረህ አንድ ደቂቃ ያህል አዋህደው። ናሙናውን ለብቻ የምንፈጨው ፖታሲየም ብሮማይዱ ረጅም ጊዜ በተፈጨ ቁጥር ከአየር ውሃ ስለሚጠጣ ነው። የናሙናው ቅንጣት ከ2 ማይክሮሜትር በታች መውረድ አለበት፤ የምትልከው ብርሃን የሞገድ ርዝመት ከ2.5 ማይክሮሜትር ይጀምራልና። ቅንጣቱ ከሞገዱ ከተለቀ ብርሃኑ ይበተናል፤ ቤዝላይኑ (ባንድ የሌለበት መነሻ መስመር) ከ4000 በኩል ሰምጦ ወደ 2000 ሲሄድ እየወጣ እንደ ዳገት ይሆናል። ባንዶቹም አንድ ጎናቸው ተጣምሞ ይወጣሉ።

ለ13 ሚሊ ሜትር ሻጋታ ከ8 እስከ 10 ቶን፣ ሁለት ደቂቃ፣ ቫኪዩም እየሳበ። ቫኪዩሙን ግፊቱ ከመጀመሩ አንድ ሁለት ደቂቃ ቀድመህ ክፈተው። ያለ ቫኪዩም ከተጨመቀ በውስጡ የታመቀው አየርና እርጥበት ከሰዓታት በኋላ ፔሌቱን ነጭ ያደርገዋል። ከ10 ቶን በላይ መጨመር ጥራት አይጨምርም፤ ሻጋታውን ነው የሚሰነጥቀው።

ደመናማነቱን ዓይተህ ምክንያቱን መገመት ትችላለህ። ሁሉም ቦታ እኩል ከደበዘዘ ውሃ ነው፤ ነጭ ነጠብጣብ ካለው በደንብ ያልተፈጨ ናሙና ነው፤ ጠርዙ ጥሩ ሆኖ መሃሉ ከደበዘዘ ዱቄቱ ሻጋታው ውስጥ እኩል አልተደላደለም።

አየሩ ጨርሶ እምቢ ካለ ፔሌቱን ትተህ ወደ ሙል ሂድ። 10 ሚሊ ግራም ያህል ናሙና ከአንድ ሁለት ጠብታ ፈሳሽ ፓራፊን ጋር እስኪለጠልጥ አሽተህ በሁለት የሶዲየም ክሎራይድ መስኮቶች መሃል ጨምቀው። ውሃ አይጠጣም። ዋጋው የፓራፊኑ የራሱ ባንዶች ናቸው፦ 2925፣ 2855፣ 1460፣ 1377፣ 720። የአስፕሪን 1458 ከሥሩ ይቀበራል፣ ካርቦኒሎቹ ግን ነፃ ናቸው። ጥያቄህ ያለው ደግሞ እነሱ ጋ ነው።

እግረ መንገዴን፣ ሌላ ጊዜ የምትሠራው የሃይድሮክሎራይድ ጨው የሆነ መድኃኒት ከሆነ በፖታሲየም ብሮማይድ አትፍጨው። ሲፈጭ ክሎራይዱና ብሮማይዱ ቦታ ሊለዋወጡ ይችላሉ፤ ለእነዚያ ፖታሲየም ክሎራይድ ነው የሚሻለው።

---

ፈሪክ_ክሎራይድ

አጌት_ሙቀጫ፣ ውሃ መሆኑን እቀበላለሁ። «አስፕሪንህ ከደሙ ንጹሕ ነው» የሚለው ግን ቸኩሏል።

ውሃው 3430 መሆኑ ሳሊሲሊክ አሲድ አለመኖሩን አያሳይም። እንዲያውም ይደብቀዋል። የውሃው 1635 ትከሻ የሚያርፈው የሳሊሲሊክ 1660 መውጣት በሚገባው ቦታ አጠገብ ነው፤ 1691 ደግሞ ከላይ ይጫነዋል። 3240ው ቀንድም በሰፊው የውሃ ባንድ ቁልቁለት ላይ ይጠፋል። ማለትም ይህ ስፔክትረም ልናይበት የሚገባውን ሁለቱንም መስኮት ዘግቶብናል። መጀመሪያ ይድረቅ፣ ከዚያ እንፍረድ።

ቢደርቅም ኢንፍራሬድ የቆሻሻ ቆጣሪ አይደለም። ከመቶ ሁለት ወይም ሦስት እጅ የሆነ ሳሊሲሊክ አሲድ በተለመደ ስፔክትረም ላይ በዓይን ላይታይ ይችላል። ለዚህ የሚሆነው ርካሹ ነገር ነው፦ ጥቂት ክሪስታል በ1 ሚሊ ሊትር ኤታኖል ሟሟ፣ 1 ፐርሰንት ፈሪክ ክሎራይድ አንድ ሁለት ጠብታ ጨምር። ሐምራዊ ከሆነ ፌኖል አለ። ጎን ለጎን አንድ ቱቦ ሳሊሲሊክ አሲድ፣ አንድ ቱቦ ባዶ ኤታኖል አስቀምጥ፤ አለበለዚያ ፈዛዛውን ቀለም ከምን ጋር ታወዳድረዋለህ? ወዲያው አንብበው። ቱቦው ከቆየ አስፕሪኑ ራሱ በውሃ እየፈረሰ ቀለም ይሰጥሃል።

ከዚያ መቅለጫ ነጥብ። አስፕሪን 135 ዲግሪ አካባቢ፣ ሳሊሲሊክ 158 አካባቢ። ሲደባለቁ ግን መሃል ላይ አይገናኙም፤ መቅለጫው ከአስፕሪኑም በታች ወርዶ ይሰፋል። ከ126 እስከ 132 እያለ የሚቀልጥ ነገር «ወደ አስፕሪን የቀረበ» አይባልም፤ ቆሻሻ አስፕሪን ነው። የናሙናውን ቱቦ የመቅለጫ መለኪያው ብሎክ 120 ሲደርስ አስገባው፤ ከታች ጀምሮ ቀስ ብለህ ካሞቅኸው ሳይቀልጥ መፍረስ ይጀምርና የውሸት ዝቅተኛ ቁጥር ታገኛለህ።

ለማንኛውም ሪክሪስታላይዝ ሳይደረግ ስፔክትረም ማንሳት ጉልበት ማባከን ነው። 2 ግራሙን በ6 ሚሊ ሊትር ሙቅ ኤታኖል አሟሟው፣ 20 ሚሊ ሊትር ሙቅ ውሃ ጨምር፣ ሳይነካ ይቀዝቅዝ፣ መጨረሻ ላይ በረዶ። አታንተክትከው! ሙቅ ውሃ ኤስተሩን (አሴቲሉ ከሳሊሲሊክ አሲዱ ጋር የተያያዘበትን ክፍል) ይሰብረዋል፤ ያጸዳህ መስሎህ ሳሊሲሊክ አሲድ ትሠራለህ።

ስሌቱንም ላስቀምጥ፦ 2.0 ግራም ሳሊሲሊክ አሲድ ሙሉ በሙሉ ቢለወጥ 2.61 ግራም አስፕሪን ይሰጣል። 2.1 ግራም ወደ 80 ፐርሰንት ነው። ጥሩ ቁጥር ነው፣ ግን ሳይጸዳና በደንብ ሳይደርቅ የተመዘነ ስለሆነ ብዙም አትመካበት።

---

ሲ_ድርብ_ኦ

ስለ ሁለቱ ካርቦኒሎች ማንም አልመለሰም፤ ከሁሉ የሚጥመው እሱ ሳለ።

ትስስርን እንደ ሞላ አስበው፣ ሁለት ጫፉ ላይ ኳስ ያለው። ሞላው ሲጠነክር ንዝረቱ ይፈጥናል፣ ኳሶቹ ሲከብዱ ይዘገያል። ቀመሩ ወደ እጅ ስሌት ሲመጣ፦ ዌቭነምበር = 1303 × √(ጥንካሬ ÷ የጥንዱ ክብደት)። ጥንካሬው በሚሊዳይን ለአንግስትሮም ነው፤ የጥንዱ ክብደት ሁለቱን የአተም ክብደቶች አባዝቶ ለድምራቸው ማካፈል ነው።

ለካርቦንና ኦክስጅን፦ 12 × 16 = 192፣ ለ28 ሲካፈል 6.86። የድርብ ትስስር ጥንካሬ 12 ያህል ነው፤ 1303 × √(12 ÷ 6.86) = 1723። ነጠላ ትስስሩ 5 ያህል ነው፤ 1112 ይወጣል። ካርቦንና ሃይድሮጅንን በዚያው በ5 ጥንካሬ ብትሠራው ግን የጥንዱ ክብደት 0.923 ብቻ ስለሆነ 3033 ትደርሳለህ። ጥንካሬው ሳይለወጥ ከ1112 ወደ 3033 የሄደው ሃይድሮጅን ቀላል ስለሆነ ብቻ ነው። ከ2500 በላይ ያለው ሰፈር የሃይድሮጅን ሰፈር የሆነው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ አስፕሪን። ሁለቱም ሲ=ኦ ናቸው፣ ክብደታቸው አንድ ነው፤ ስለዚህ የ1753 እና የ1691 ልዩነት በሙሉ ከጥንካሬ ነው የሚመጣው። (1753 ÷ 1691) በራሱ ሲባዛ 1.07 ይሆናል። የኤስተሩ ሞላ በ7 ፐርሰንት ይጠነክራል ማለት ነው። ለምን?

በተለመደ ኤስተር፣ ለምሳሌ ኤቲል አሴቴት፣ ካርቦኒሉ 1740 አካባቢ ነው። እዚያ ያለው ነጠላ ኦክስጅን ያልተጋራ ጥንድ ኤሌክትሮኑን ለካርቦኒሉ በከፊል ያበድረዋል፤ ይህም ድርብ ትስስሩን ትንሽ ያላላዋል። አስፕሪን ላይ ያ ኦክስጅን የተያያዘው ከቤንዚን ቀለበት ጋር ነው፤ ቀለበቱም ከዚያው ጥንድ ይሻማል። ለካርቦኒሉ የሚደርሰው ብድር ሲያንስ ትስስሩ ድርብነቱን ይይዛል፣ ቁጥሩም ወደ 1753 ይወጣል።

አሲዱ ላይ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ካርቦኒሉ ራሱ ቀለበቱ ላይ ስለተሰካ ኤሌክትሮኑ ይዘረጋል፤ በዚያ ላይ ከጎረቤት ሞለኪውል ጋር በሃይድሮጅን ትስስር ተጠፍንጓል። ሁለቱም ያላሉታልና 1691። ሳሊሲሊክ አሲድ ላይ ደግሞ ሦስተኛ ጫና አለ፤ አጠገቡ ያለው የራሱ ፌኖል ኦ–ኤች ካርቦኒሉን በሃይድሮጅን ትስስር ስለሚስበው ወደ 1660 ይወርዳል። ያ ኦ–ኤች በአሴቲል ሲሸፈን መሳቡ ይቀራል።

ስለዚህ ሪአክሽኑ መሄዱን የሚነግርህ ሁለት ነገር በአንድ ላይ ሲሆን ነው፦ 1753 አዲስ መጣ፣ 1660 ደግሞ ወደ 1691 ወጣ። አንዱ ብቻ ከሆነ ጠርጥር። 1220 እና 1186 የኤስተሩ ሲ–ኦ ናቸው፣ ድጋፍ ይሰጣሉ። 755ን ግን አትቁጠረው፤ ቀለበቱ ላይ ጎን ለጎን የተሰኩ ሁለት ቡድኖች መኖራቸውን ነው የሚናገረው፣ እሱ ደግሞ ሳሊሲሊክ ላይም አለ። 1820 አካባቢ ምንም አለመኖሩም ጥሩ ነው፣ የተረፈ አንሃይድራይድ የለም።

---

ሦስተኛ_ዓመት

እግዜር ይስጥልኝ። ባዶው ፔሌት 3430 እና 1635ን በግልጽ አሳይቷል። ሪክሪስታላይዝ ተደርጎ፣ ዱቄቱ በኦቭን ደርቆ፣ በቫኪዩም ሲጨመቅ 3430ው ወደ ትንሽ ጉብታ ወርዷል፤ 1635 የለም። 1660 ላይና 3240 ላይ ምንም አይታይም። ፈሪክ ክሎራይዱ ቢጫ እንደሆነ ቀረ።

አንድ ነገር ብቻ። ሪክሪስታላይዝ ያልተደረገው የመጀመሪያው ምርት ዛሬ በዳይመንድ ኤቲአር (ናሙናው ያለ ፔሌት በቀጥታ ዳይመንድ ላይ ተጭኖ የሚነሳበት ዘዴ) ሲነሳ ካርቦኒሎቹ 1749 እና 1680 ላይ ወጡ፤ 1712 ላይም ትከሻ አለ። ፔሌቱ ላይ ይህ ትከሻ አልነበረም። ከ2300 እስከ 1900 ያለውም ይንጫጫል። ናሙናው ተበላሽቶ ነው?

---

አጌት_ሙቀጫ

1749 እና 1680 መውረዳቸው የኤቲአር ጠባይ ነው። ብርሃኑ በናሙናው ውስጥ አያልፍም፤ ከክሪስታሉ ገጽ ላይ ሲመለስ አንድ ሁለት ማይክሮሜትር ብቻ ዘልቆ ይነካዋል። ኃይለኛ ባንድ ባለበት የናሙናው የብርሃን ስብራት መጠን ስለሚዋዥቅ ባንዱ ጥቂት ቁጥር ወደ ታች ይንሸራተታል። የዘልቀቱ ጥልቀት ከሞገዱ ርዝመት ጋር ስለሚያድግም ከ3000 በላይ ያሉት ባንዶች ከፔሌቱ ይልቅ አጥረው፣ ከ1000 በታች ያሉት ረዝመው ይታያሉ። የኤቲአርን ስፔክትረም በፔሌት ከተነሳ ማጣቀሻ ጋር ቁመት ለቁመት አታወዳድር። ሶፍትዌሩ የኤቲአር ማስተካከያ ካለው ተጠቀም፣ ግን ያስተካከልክ መሆኑን ጻፍ።

ከ2300 እስከ 1900 ያለው ጫጫታ የዳይመንዱ የራሱ መምጠጥ ነው። እዚያ ሰፈር ኒትራይል ወይም አልካይን የምትፈልግ ከሆነ ይጎዳል፤ ለአስፕሪን አይገድህም።

መሣሪያውን ከተጠራጠርክ የፖሊስታይሪን ፊልም አንሳ፤ 1601 ላይ ያለው ባንዱ ከአንድ ቁጥር በላይ ካልሸሸ መሣሪያው ደህና ነው።

---

ፈሪክ_ክሎራይድ

1712ው ደግሞ አሴቲክ አሲድ ይመስላል። ዱቄቱን አሽትተው፤ ኮምጣጤ ከሸተተ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። አንሃይድራይዱ በውሃ ሲሰበር የሚወጣው እሱ ነው፣ ክሪስታሎቹ መሃል ተጣብቆ ይቀራል። ፔሌቱ ላይ ያልታየው ሲፈጭና ቫኪዩም ሲስበው ስለሚተን ሊሆን ይችላል፤ ኤቲአር ላይ ግን ያለ ምንም ዝግጅት ተጭኖ ስለሚነሳ ገጹ ላይ ያለው ሁሉ ይታያል።

ቡክነሩ ላይ እንዳለ በ5 ሚሊ ሊትር በረዶ ውሃ ሦስት ጊዜ ይታጠብ። በአንድ ጊዜ 15 ሚሊ ሊትር ማፍሰስ ያንን ያህል አያጸዳም። ፓምፑ አሥር ደቂቃ አየር ይሳብበት፣ ከዚያ በማጣሪያ ወረቀት ተጫን፣ ቫኪዩም ደሲኬተር ውስጥ ይደር። ኦቭን ካስፈለገ ከ60 ዲግሪ አይለፍ፣ እሱም ውሃው በአብዛኛው ከወጣ በኋላ፤ እርጥብ አስፕሪን ከሞቀ ይፈርሳል።

---

ክረምት_ጠላቴ

የብረቱን ሻጋታ ሳታጥብ እንዳትሄድ ብቻ። ብሮማይዱ እርጥበት አግኝቶ ካደረ ያበላሸዋል፤ ገጹ ጉድጓድ ጉድጓድ ካወጣ በኋላ ፔሌት አይወጣልህም፣ ተጣብቆ ይሰነጠቃል። በውሃ፣ ቀጥሎ በአሴቶን፣ ለስላሳ ወረቀት፣ ደሲኬተር። የሶዲየም ክሎራይድ መስኮቶቹን ግን ውሃ እንዳታስነካቸው፤ እነሱ በደረቅ አሴቶን ብቻ ነው፣ ጣትህም ቢሆን ጠርዛቸውን እንጂ ገጻቸውን አይንካ።